በለጡ ገዳም የገባችበት እሁድ

በለጡ ብስክሌት መንዳት የተማረችው ተደብቃ ነው። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባል አላት፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻት ልጅ አለቻት፣ አሶሳ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት የታወቀ ሱቅ አላት። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴትዮ ናት በጎህ ተነስታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ «ኪዳን አስደርሼ መጣሁ» እያለች ከልጇ ከሕሊና ጋር ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ስትወድቅ ስትነሳ ሦስት ሳምንት የከረመችው። እግዜር ይቅር ይበላት! ደግሞ ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ ኪዳኑንም ሁለት ቀን አስደርሳለች።

ባሏ አንዳርጋቸው ይህን ሁሉ አያውቅም። አናጢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጋዝና ሲልግ ይውልና አንዴ ከተኛ ቤቱ ቢነቀል አይሰማም። ብስክሌት ግን ነፍሱ ነው። እሁድ እሁድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከከተማ ይወጣል። አንደኛው ምንያህል የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በየሦስት ኪሎ ሜትሩ ካቴናው ይወልቅበታል፣ እሱም በየሦስት ኪሎ ሜትሩ «ዛሬ ገና ነው እኮ እንዲህ የሆነው» ይላል። ሁለተኛው ሌንጂሳ ነው፤ የባምባሲ ልጅ፣ ከጠረፍ ነጋዴዎች ጋር ሰሊጥ ሲሻሻጥ የኖረ፣ አራት ቋንቋ የሚያቀላጥፍ ሰው። አንድ እሁድ ወደ ባምባሲ፣ ሌላ እሁድ ወደ ሆሞሻ ይነዱና አመሻሽ ላይ ቀይ አቧራ ለብሰው፣ እንደ ጎረምሳ እየተጓተቱና እየተሳሳቁ ይገባሉ።

አንዳርጋቸው በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ለሚስቱ ቀይ የሴት ብስክሌት ገዛላት። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ «በለጤ፣ ትመጫለሽ?» ይላታል። እሷም «አልወድም» ትለዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ! ብስክሌቷ ዕቃ ቤት ቆማ ዶሮ እየሰፈረባት ኖረች፤ እሱ ግን ጎማዋን መንፋት፣ ካቴናዋን ዘይት መቀባት አንድ ቀን አላቆመም።

እውነቱን ለመናገር በለጡ ጠልታ አልነበረም። ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የሰፈሩን የጤና ሠራተኛ ብስክሌት ሰርቃ ወጣችና ቁልቁል ሄዳ የቲማቲም ሻጮች መሃል ወደቀች። ቀሚሷ ከራሷ በላይ፣ ቲማቲሙ ከቀሚሷ በላይ። ገበያው በሙሉ ሳቀባት። እስክታገባ ድረስ የሰፈሩ ወንዶች «በለጡ ጎማ» ነበር የሚሏት። ይህን ለአንዳርጋቸው አልነገረችውም። ሆድ ይፍጀው አለች፣ ሆዷም ፈጀው። ሕሊና ለእረፍት ስትመጣ ነው ነገሩን ከእናቷ ጎትታ ያወጣችው፤ ሰምታም «ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ለቲማቲም ስታለቅሺ ኖርሽ?» ብላ በማግስቱ ወደ ሜዳ ወሰደቻት።

ባለፈው እሁድ ታዲያ ነገር ተበላሸ። አንዳርጋቸው እንደ ልማዱ ጠየቀ፣ እሷም እንደ ልማዷ መለሰች። ምክንያት ነበራት፤ ቀጥ ብሎ መሄድ እንጂ መታጠፍ ገና አልቻለችም ነበር፣ አሳምራ ስትችል ልታስደንቀው ነው ሐሳቧ። እሱ ግን የጫማውን ክር ለቀቀና ቀና ብሎ አያት።

«ከምላሴ ፀጉር እስኪነቀል ለመንኩሽ» አላት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የተናገረው። «በቃ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። ሚካኤልን! ሁለተኛ ትመጫለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ብስክሌቷንም ሰኞ ሳምንት ለሌንጂሳ እህት እሰጣታለሁ፤ የሚነዳት ሰው ታግኝ።»

በለጡ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ታውቃለች። ሽሮ ስትመዝን በርበሬ እየሰጠች፣ በርበሬ ሲሏት «አልወድም» እያለች። የብስክሌቷ ነገር አይደለም ያንገበገባት። የማይጠይቃት ባል ምን ይሆናል? እሷ እምቢ የምትለው እኮ እሱ በሚቀጥለው እሁድ እንደሚጠይቃት እያወቀች ነበር።

እሁድ ጠዋት ደረሰ። አንዳርጋቸው ጫማውን አሰረ፤ ወደ እሷ ዞሮ አፉን ከፈተ፤ መሐላው ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። «ሆሞሻ ነን» ብሎ ወጣ። የግቢው በር ከኋላው ሲዘጋ በለጡ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች።

«ሕሊና! ተነሽ! ዛሬ ካልደረስኩበት አልቆልኛል!»

ከቀሚሷ ሥር የልጇን ቱታ ለበሰች፣ ኮንጎ ጫማዋን አጠለቀች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች። ሕሊና በጎረቤት ብስክሌት፣ እናቷ በቀይዋ ሆነው ወጡ። የምንያህል ካቴና እያለ ወንዶቹ ሩቅ እንደማይሄዱ ሁለቱም ተማምነዋል።

«እማዬ፣ ፍሬን በእጅ ነው የሚያዘው እሺ? በእግርሽ መሬት አትፋቂ።»

«እግሬ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?»

«ጫማሽ ያልቃል!»

«ኮንጎ አያልቅም» አለች በለጡ፣ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ።

ከከተማ እስኪወጡ ድረስ አንገቷን ቀብራ ነበር የነዳችው። አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ «እትዬ በለጡ ነዎት እንዴ?» ሲላት «አይደለሁም!» ብላ ጮኸችበት። ቤቱ እያነሰ፣ የማንጎው ዛፍ እየበዛ ሲሄድ ግን አንገቷ ቀስ በቀስ ቀና አለ። የሚያዝያ ጠዋት ነው፤ ነፋሱ ገና አልሞቀም። ከቀርከሃ አጥር ኋላ ልጆች እየወጡ «አጀላ! አጀላ!» እያሉ አብረዋቸው ይሮጣሉ፤ በርታዎች ብስክሌትን እንዲያ ነው የሚሏት። አንዲት ውኃ የቀዳች ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ አጨበጨበችላት። በለጡ ደስ አላት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ደስ አላት በቃ! አሥራ ስምንት ዓመት ይህን ትታ ሽሮ ስትነፋ እሁዷን መጨረሷ አናደዳት፤ ንዴቱም እግሯ ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠላት።

አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው ወደ ሆሞሻ ይቀጥላል፤ ሌላው ቀጭን የአፈር መንገድ ነው፣ በግራ በኩል ወደ ኮረብታው ይወጣል። ኮረብታው ላይ የኪዳነ ምሕረት ገዳም አለች። መገንጠያው ላይ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ኻሚስ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ማንጎ በክምር በክምር አድርገው ይሸጣሉ። በለጡ ኮንጎዋን መሬት ላይ እየፋቀች፣ አቧራ እያስነሳች ፊታቸው ቆመች።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ!»

«ወአለይኩም ሰላም! አንተ ደህና ነው? ልጅ ደህና ነው? ማንጎ ብላ!»

«ይመስገን፣ ደህና ነን። አባባ፣ ሦስት ሰዎች በብስክሌት ሲያልፉ አይተዋል?»

«ሦስት ሰው? አጀላ?» አሉ ኻሚስ፣ ፊታቸው በራ። «ኣይዋ! አሁን አለፈ። አንድ አጀላ ተበላሸ፣ ተሠራ፣ ሄደ።» በዘንጋቸው ወደፊት ጠቆሙ፤ ዘንጉ መንገዱንም ኮረብታውንም አንድ ላይ ያሳያል። «ጊዳም! ጊዳም ሄደ!»

በለጡ ክው አለች። «የት ሄዱ?»

«ጊዳም! ጊዳም!» ዘንጉን ደጋግመው ነቀነቁ።

በለጡ አሶሳ ስትኖር ከበርታ ቋንቋ የያዘችው ባሚያ ለመግዛት የሚበቃ ቁጥር ብቻ ነው። ሽማግሌው ደግሞ አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴቱን እንደሚደባልቁት ሰምታለች፤ «ገ»ን «ጊ» ቢሏት ምኑ ይገርማል? ወደ ልጇ ዞረች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሰማሽ? አባትሽ ገዳም ሄደ! ቅዳሴ ሳያስቀድስ ፔዳል ሲረግጥ የኖረው ሰውዬ! ቤተ ክርስቲያን እንዲስም የተሳልኩት ስለት ሠመረልኝ!»

«እማዬ፣ አባዬ? ገዳም?» አለች ሕሊና። «ሆሞሻ ነን አላለም?»

«አፍሮ ነዋ የደበቀን!»

ይህን ብላ ወደ ግራ ታጠፈች። መታጠፍ መቻሏን ያወቀችው ከታጠፈች በኋላ ነው። ዳገቱን ግን ማንም አልቻለውም፤ ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ወጡት። የጎማ ዱካ አፈሩ ላይ እንደሌለ ሕሊና ሁለት ጊዜ አመለከተች። እናቷ ሁለት ጊዜ «ዝም በይ» አለቻት።

የገዳሟ በር ላይ አንዲት መነኩሲት ሕሊናን ከላይ እስከ ታች አይተው «ሱሪ የለበሰች አትገባም» አሉ። በለጡ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች፤ ከቀሚሷ ሥር ያለውን ቱታ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። ውስጥ እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት ገበቴ ሙሉ ምስር እየለቀሙ ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ ባሌን ፈልጌ ነው። እዚህ መጥቷል ተብዬ።»

«ባል? ልጄ፣ እዚህ እኮ የሴቶች ገዳም ነው። ወንድ አይገባም።»

የበለጡ እንባ ባንዴ ደረቀ። የሴቶች ገዳም? ሦስት ወንድ በእሁድ ጠዋት፣ ለሚስቱ ሆሞሻ ነን ብሎ፣ የሴቶች ገዳም ምን ይሠራል? ቀናች። በመነኮሳት ቀናች! ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረችና አማተበች።

እማሆይ ግን ባሏን ፈልጋ ገዳም የመጣች ሴት ምን እንደሆነች የሚያውቁ መሰላቸው። «ስንቷ ባሌን ብላ መጥታ እዚሁ ቀርታለች» አሉና ገበቴውን ገፋ አደረጉላት። «ተቀመጪ። ልቀሚ። ልብሽ ይረጋል።»

እምቢ ማለት ነውር ነው። በለጡ ተቀመጠች፣ ለቀመች፤ እየለቀመችም ሳታስበው ሁሉን ዘረገፈችው። የቲማቲሙን ነገር፣ አሥራ ስምንቱን ዓመት፣ መሐላውን።

«ይኸውልዎት፣ ዛሬ ካላገኘሁት ነገ ብስክሌቷ ትሄዳለች። እሷስ ትሂድ። እሱ ግን ሁለተኛ ትመጫለሽ አይለኝም። እንደ ጎረቤት ደህና ዋልሽ ደህና አደርሽ እየተባባልን ልናረጅ ነው። እኔ ደግሞ እወደዋለሁ፣ እማሆይ። ይሄን ያህል እንደምወደው ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።»

እማሆይ ምስሩን ትተው ቀና አሉ። «ልትመነኩሺ አይደለም እንዴ የመጣሽው?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ ባሌን ፈልጌ ነው ብያለሁ!»

«ታዲያ ምስሬን ምን አስለቀመሽ? ተነሺ!» አሉ እማሆይ፣ ራሳቸው እንዳላስቀመጧት ሁሉ። «ሰው ሳቀብኝ ትላለች እንዴ! የሳቁት ሁሉ ያን ዕለት ቲማቲም በልተው አደሩ፣ አንቺ ነሽ እስከ ዛሬ የተራብሽው።»

እስከ በሩ ሸኟት። ቀይዋን ብስክሌት ሲያዩ እጃቸው ወደ ደወሉ ሄደ፤ «ባሕር ዳር ነው ያደግሁት፣ በዚህ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው» አሉና አንዴ ቂው አደረጉት። ቆየት ብለው ደግመው ቂው አደረጉት። «ይቅር ይበለኝ» ብለው ገቡ።

«ለአባዬ ደወልኩለት» አለች ሕሊና፣ ስልኳን እያየች። «ብትቆዪብኝ ጊዜ ነው። ተቋረጠ እንጂ።»

«ምን አልሽው?»

«እማዬ ገዳም ገባች፣ እስካሁን አልወጣችም፣ እኔን ከለከሉኝ አልኩት። ምን አልሽ ብሎ ሲጮህ ኔትወርኩ ጠፋ።»

በለጡ አላሰበችበትም። እናንተ ግን አስቡት እስቲ! ሰውዬው አራት ኪሎ ሜትር ወደፊት፣ የምንያህልን ካቴና ይዞ፣ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ባለፈው እሁድ ክፉ የተናገራት ሚስቱ ገዳም ገባች ሲባል! በአማርኛ ገዳም ገባች ማለት ምን ማለት ነው? ካቴናውን ምንያህል እጅ ላይ ጥሎ ነው የተፈተለከው።

በለጡ ቁልቁለቱን ጀመረችው። መጀመሪያ ቀስ አለ። ከዚያ ቀስ አላለም። በኮንጎዋ መሬቱን ረገጠች፤ ኮንጎው ተፋቀ፣ ጨሰ፣ አንደኛው ከእግሯ ወልቆ ቀረ። አያልቅም ያለችው ኮንጎ! «ሕሊናዬ!» ብላ ጮኸች፤ ሕሊና ግን ከኋላ ሩቅ ናት። ኩርባውን ስትዞር ሦስት ሰዎች ከታች እየወጡ አየች። ፊተኛው ብስክሌቱን በአንድ እጁ እየጎተተ ይሮጣል። አንዳርጋቸው ነው፤ ፊቱ ላብና ግራሶ ሆኗል።

«በለጤ!» ብሎ ጮኸ። «በለጤ፣ አትመንኩሺብኝ! በእመቤቴ! ብስክሌቷን ለማንም አልሰጥም! ጥፋቱ የኔ ነው! ያላንቺ እኔ ምን…»

በዚህ ጊዜ በለጡ በአጠገቡ ሽው ብላ አለፈች።

«አልመነኮስኩም!» አለች እያለፈች። «መቆም አቃተኝ!»

አንዳርጋቸው በዓይኑ ተከተላት። ሚስቱ፣ ብስክሌት ላይ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ነጠላዋ ከኋላዋ እየተውለበለበ። ምንያህል እስከ ዛሬ እንደሚምለው አንዳርጋቸው መጀመሪያ አጨብጭቧል፤ ከዚያ ነው የደነገጠው። ዞሮ ብስክሌቱ ላይ ዘለለና እየተንደረደረ ደረሰባት።

«በእጅሽ! ፍሬኑን በእጅሽ ጭመቂው! ሁለቱንም! ቀስ!»

«የትኛው ነው ፍሬን?»

«እጅሽ ሥር ያለው!»

ጨመቀችው። ብስክሌቷ ከኻሚስ የማንጎ ክምር ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፤ በለጡ ግን አልቆመችም። ኻሚስ እንዳይረገጡ እግራቸውን ሰብሰብ ብቻ አደረጉ። እሷ ማንጎው መሃል ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ከሆሞሻ የሚመጣ መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፣ ውኃ የቀዱ ሴቶች ነበሩ፣ ልጆች ነበሩ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። በለጡ ዓይኗን ጨፍና ያ የምታውቀው ሐፍረት እስኪመጣ ጠበቀች። ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም። የመጣው የማንጎ ሽታ ነው።

«ጊዳም አልሄደም?» አሏት ኻሚስ፣ ግራ ገብቷቸው። «እኔ ጊዳም አለ፤ አንተ ጀበል ወጣ!» በዘንጋቸው ኮረብታውን አሳዩ።

ሌንጂሳ ይህን ሲሰማ ብስክሌቱን ጥሎ ሆዱን ያዘ። «ገዳም ነው እንዴ የመሰለሽ? ጊዳም ማለት እኮ በዓረብኛው ወደፊት ማለት ነው! ወደፊት ሄዱ ነው ያሉሽ! ኧረ ዋቃዮ!»

ሌንጂሳ አፈናጥጦ ያመጣው ምንያህል ካቴናውን አንገቱ ላይ እንደ ማተብ አንጠልጥሎ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ከኋላ የደረሰችው ሕሊና «ብያለሁ! እኔ ብያለሁ!» እያለች የእናቷን ኮንጎ ይዛ ትዘላለች። በለጡም ሳቀች። ከሁሉ በላይ፣ ከሆዷ፣ ማንጎው ሥሯ እስኪንከባለል ድረስ ሳቀች።

ያልሳቀው አንድ ሰው ነው። አንዳርጋቸው ፊቷ ተንበርክኮ ቀይዋን ብስክሌት ይዞ፣ አንዴ እሷን አንዴ ብስክሌቷን ያያል። ዓይኑ ቀልቷል።

«መቼ ቻልሽው?» አላት።

«ኪዳን ሳስደርስ።»

«እኔን ፍለጋ ነው ይሄን ሁሉ የመጣሽው?»

«ታዲያ ማንን? ማንጎ ልገዛ ነው?»

አፉን ከፈተ። በለጡ ምን ሊል እንደሆነ አወቀች፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ያ አፍ ያን ቃል ሲይዝ ምን እንደሚመስል ጠንቅቃ ታውቃለች። ነገር ግን በሚካኤል ምሏል። አፉን መልሶ ዘጋው። አሳዘናት።

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ከልጇ እጅ ኮንጎዋን ተቀብላ አጠለቀች፣ ያለቀውን ጎን አየችና ቀሚሷን ወደ ታች ሳበችበት። ለኻሚስ የተጨፈለቀውን ማንጎ ሁሉ እንደምትገዛቸው ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ሌላ ሦስት ጨመሩላት። ከዚያ ቀይዋን ብስክሌት ከባሏ እጅ ወሰደችና ፊቷን ወደ ዋናው መንገድ አዞረች።

«ሆሞሻ ስንት ይቀራል?»

«ሃያ… ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር» አለ አንዳርጋቸው። «ግን ደክሞሻል፣ እግርሽም…»

«አንዳርጌ» አለችው። «ትመጣለህ?»

ሰውዬው አሥራ ስምንት ዓመት ሲጠይቅ ኖሮ መመለስን አልለመደም። ጓደኞቹን አየ፣ ልጁን አየ፣ ግራሶ በነካው እጁ ፊቱን ጠረገ፤ ባሰበት። ሲዞር በለጡ ሄዳለች፤ እጀታውን አጥብቃ ይዛ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ እየተወላገደች፣ ደወሏን እያቃጨለች።

«ቆዪኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፣ ብስክሌቱን እየጎተተ ሮጠ። «በለጤ! ቆዪኝ!»